የሚያታዬን የበር ደፍ ሁለት ጊዜ እንዴት እንደሠራሁት

እ.ኤ.አ. የ1999 ሞዴል የሆነችው ባለ ሸራ ጣሪያ የስፖርት መኪናዬ፣ ማዝዳ ሚያታ፣ ከመሬት እስከ ጣሪያዋ 1 ሜትር ከ23 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ናት። እንዲህ ዝቅ ባለች መኪና ውስጥ የሚገባ ሰው እግሩን በሰፊው የበር ደፍ ላይ አሻግሮ ማስገባት ስላለበት፣ በገባና በወጣ ቁጥር የጫማው ተረከዝ ደፉን የሸፈነውን ጥቁር ፕላስቲክ ይፈገፍገዋል። ከእኔ በፊት የነበሩት ባለቤቶች ቀለሟንና ወንበሯን በጥንቃቄ ይዘውልኛል፤ የደፉ ሽፋን ግን በሁለቱም በኩል ግራጫ ሆኖ በጭረት ተሸፍኖ ነበር። በሩ ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ስለሆነ፣ የመኪናዋን መልክ ሁሉ ያበላሸዋል ብዬ አዝን ነበር።

ሥራውን ለማስጌጥ ብቻ ብዬ አልጀመርኩትም። ጣሪያዋ ሸራ የሆነች መኪና ሸክሟን ከጣሪያ ጋር መካፈል ስለማትችል፣ መካከሏ እንዳይጎብጥ ከሚይዟት ክፍሎች ዋናው ከበሩ ሥር የሚያልፈው ውስጡ ክፍት የሆነ የብረት ሳጥን ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 የወጣችው መርሴዲስ 300 ኤስኤል በሮቿ እንደ ክንፍ ወደ ላይ እንዲከፈቱ የተደረገውም፣ ከብረት ቱቦዎች የተሠራው አጽሟ (ሻሲዋ) በጎን በኩል ከፍ ብሎ ስለሚያልፍና ለተለመደ በር በቂ ቦታ ስላልተወ ነው። በስፖርት መኪና ላይ ደፍ እንዲህ ያለ ቁም ነገር ያለበት ቦታ በመሆኑ፣ ሽፋኑን ካነሣሁ አይቀር ከሥሩ ያለውንም ላሜራ ለማየት ወሰንኩ።

ብሎኖቹን በካቻቢቴ ፈትቼ፣ ክሊፖቹን በፕላስቲክ መፈልቀቂያ ቀስ ብዬ ካላቀቅኩ በኋላ ምንጣፉን ገለጥ አደረግኩት፤ ከወንበሩ ኋላ ያለው ጥግ እርጥብ ነበር። በሚያታ ላይ ከሸራው ጣሪያ የሚወርደው የዝናብ ውሃ ከወንበሮቹ ኋላ በሚገኙ ቱቦዎች በኩል ወርዶ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት ወደ ውጭ መፍሰስ አለበት። ቱቦው በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ግን ውሃው ወደ ውስጥ ይገባና ደፉን ከውስጥ ወደ ውጭ ያዝገዋል። እኔ በምኖርበት በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ በብርዱ ወራት በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ደግሞ ከታች በኩል ያግዘዋል። ጠንካራ ሽቦ ቱቦውን ሊቀደው ስለሚችል፣ ሣር ማጨጃ ማሽን ላይ የሚገባውን ወፍራም የፕላስቲክ ገመድ አስገብቼ ከፈትኩት፤ ከዚያም አንድ ሊትር ውሃ ቀስ እያልኩ አፍስሼ ከመኪናዋ ሥር መውጣቱን በዓይኔ አየሁ። ዝገቱ ገና ላይ ላዩን ስለነበር ፍቄ ፀረ ዝገት ቀባሁት። ላሜራው በስቶ ቢሆን ኖሮ ሥራው የበያጅ እንጂ የእኔ አይሆንም ነበር።

ወደ ፕላስቲኩ ስመለስ ያስደሰተኝ ነገር ገጠመኝ። ጭረት ነው ብዬ ካሰብኩት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ጭረት አልነበረም፤ ከጫማ ሶል ተፍቆ የቀረ ጎማ ነበር። ልዩነቱ በጥፍር ይታወቃል። ጥፍር የሚይዝበት ጉድጓድ ከሌለ የተጣበቀ ቆሻሻ ነውና አልኮል በነካ ጨርቅ ሲታሽ ይለቃል። የቀረው እውነተኛ ጭረት ነበርና ለመቀባት ተነሣሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ላይ ነው። በቀኝ በኩል ያለውን ሽፋን በሳሙና ብቻ አጥቤ፣ ጠንከር ባለ የብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ፣ ጥቁር ስፕሬይ ነፋሁበት። ለሦስት ሳምንት ያህል አዲስ መሰለ። ከዚያ ተረከዝ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በአንድ ሰፊ ቁራጭ ተነሣ፤ መፈተጊያውም የፕላስቲኩን የቆዳ መሰል ሸካራነት ስላጠፋው ከግራው ጋር አልመሳሰል አለ።

ሽፋኑን ከነቁራጩ ይዤ ዕድሜያቸውን አዲስ አበባም እዚህም በላሜራና በቀለም ሥራ ያሳለፉ አንድ አባት ዘንድ ሄድኩ። ሽፋኑን ተቀብለው ገለበጡት፤ ከጀርባው በጣም ትንንሽ ሆነው የታተሙ ፊደላትን በጣታቸው እያሳዩ፣ «ልጄ፣ ቀለሙ አልበደለህም፤ ምን ላይ እንደምትቀባ ሳታነብ ነው የቀባኸው» አሉኝ። ፊደላቱ ፖሊፕሮፒሊን መሆኑን የሚያመለክቱ ነበሩ። ይህ የፕላስቲክ ዓይነት ምንም ቅባት ሳይኖርበት እንኳ ውሃ ላዩ ላይ ይቋጠርበታል፤ ቀለምና ሙጫ ቶሎ የሚለቁትም በዚያው ባሕርይው ነው። በዚህ ላይ ለዓመታት ሲቀባ የኖረው ሲሊኮን ያለበት ማንጸባረቂያ ተጨምሮበታል።

ሁለተኛውን ጊዜ እርሳቸው እንዳሉኝ ሠራሁ። የቀረውን ቀለም ካነሣሁ በኋላ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ሁለት ጊዜ አጠብኩት፤ ሲደርቅ ቅባት በሚያነሣ ፈሳሽ ወለወልኩትና ከዚያ በኋላ ያለ ጓንት አልነካሁትም። በግራው ሽፋን ላይ ጥልቅ ጭረት ያለበትን ቦታ ብቻ በ320፣ ቀጥሎ ይበልጥ ለስላሳ በሆነው በ600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፤ ሌላውን የፕላስቲኩ ሸካራነት እንዳይጠፋ በስስ መፈግፈጊያ ስፖንጅ አደበዘዝኩት። ከዚያ ቀለሙ ፕላስቲኩን እንዲይዝ አስቀድሞ የሚነፋውን የፕላስቲክ ፕራይመር ስስ አድርጌ ነፋሁ፤ በቆርቆሮው ላይ የተጻፈው ጊዜ ሳያልፍ ሦስት ስስ የቀለም ንብርብሮችን በየ10 ደቂቃው አከታተልኩ። ሸካራነቱ በጠፋበት በቀኙ ላይ መጀመሪያ ሸካራ ገጽ የሚሰጥ ቀለም መጠቀም ነበረብኝ፤ አሁንም ልብ ብሎ ለሚያይ ልዩነቱ ይታወቃል። ሁለቱንም ለአንድ ሳምንት ማንም ሳይረግጣቸው እንዲደርቁ ተውኳቸው።

ቀለም ብቻውን የተረከዝን ግፊት ለዓመታት እንደማይችል ስለገባኝ፣ በመርገጫው ቦታ ላይ የማይዝግ ብረት ሳህን ለመለጠፍ አስቤ ቦታውን ሳልቀባው ትቼ ነበር። ጥንካሬ ያለው ባለ ሁለት ፊት ቴፕም በፖሊፕሮፒሊን ላይ ያለ ፕራይመር በደንብ አይዝም፤ ስለዚህ ያንኑ ፕራይመር ከሥሩ ቀባሁ። ወሩ ኅዳር ሆኖ ጋራዡ 6 ዲግሪ ስለነበር ሽፋኖቹን ቤት ውስጥ አስገብቼ ለጠፍኩ። እንዲህ ያለው ቴፕ በክፍል ሙቀት ከ20 ደቂቃ በኋላ የጥንካሬውን ግማሽ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 90 በመቶውን፣ ከ72 ሰዓት በኋላ ሙሉውን ያገኛል። ስለዚህ ሦስት ቀን ከባድ መጻሕፍት ጭኜበት ቆየሁ። ግልጽ መከላከያ ፕላስቲክ ደግሞ ሸካራ ገጽ ላይ ስለማይጣበቅ የተጠቀምኩበት ከሽፋኑ ውጭ ባለው በተቀባው ላሜራ ላይ ብቻ ነው።

አሁን ሁለት ክረምት አልፏል። ብረቱ ላይ ቀጫጭን መስመሮች ወጥተዋል፤ ከሥሩና ከዳሩ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ግን አልተነካም። መኪናዋ ውስጥ የሚገባ እንግዳ ሲኖረኝ መጀመሪያ እንዲቀመጥና ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ አንሥቶ እንዲያስገባ እጠይቀዋለሁ። ቅጠል በሚረግፍበት ወራት መጨረሻ ደግሞ አንድ ሊትር ውሃ ይዤ ቱቦዎቹን እፈትሻለሁ፤ ባለፈው ጊዜ የግራው ዘግየት ብሎ ስለፈሰሰ ገመዱን እንደገና አስገብቼ ጠርጌዋለሁ።