የአባቴ ሲኒ

አባባ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሲኒ ከአፋቸው እስኪያደርሱ ድረስ ግማሹ ቡና ጋቢያቸው ላይ ይቀር ነበር። በሽታው ሰውን የሚገድል ባይሆንም ከሰው ጋር መብላትን ያስጠላል።

ባለፈው ወር እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ በአልትራሳውንድ፣ ማለትም ጆሮ በማይሰማው የድምፅ ሞገድ፣ ታከሙ። ጭንቅላታቸው ተላጭቶ፣ በብረት ክፈፍ ተይዞ፣ በራሳቸው ዙሪያ ቀዝቃዛ ውኃ እየተዘዋወረ የአንጎልን ምስል የሚያነሳው ማሽን፣ ኤምአርአይ ውስጥ ገቡ። የራስ ቅል አይበሳም፤ ከ1,000 በላይ የሆኑ የድምፅ ሞገዶች ታላመስ በሚባለው የአንጎል ክፍል ጥቂት ሚሊሜትር ቦታ ላይ ይገናኙና ቦታውን አሙቀው ያቃጥሉታል።

እኔን የገረመኝ ማቃጠሉ ሳይሆን ከዚያ በፊት ያለው ማሞቅ ነው። ሐኪሞቹ በመጀመሪያ ሙቀቱን 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ያቆሙታል። በዚህ ልክ የሞቁ የነርቭ ሴሎች አይሞቱም፤ ለጊዜው ዝም ይላሉ፣ ሲቀዘቅዙ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። መንቀጥቀጡ ጋብ ካለ ቦታው ተገኝቷል ማለት ነው፤ ከንፈር ወይም ጣት ከደነዘዘ ግን ዒላማው ይስተካከላል። ወደ 55 እና 60 ዲግሪ የሚወጣው፣ መመለሻ የሌለው ሙቀት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

በየመሐሉ ጠመዝማዛ መስመር ያስሥሏቸዋል። የመጀመሪያው ዶሮ የጫረችው ይመስላል።

«አባባ፣ እንዴት ነዎት?» አልኳቸው።

«ጭንቅላቴ ውስጥ ጀበና የጣዱብኝ ይመስለኛል።»

የመጨረሻውን ሥዕል ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። የታከመው የቀኝ እጃቸው ብቻ ነው፤ ግራው እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። ትናንት እናቴ አቦሉን ስትቀዳ «እስከ አፉ ሙዪው» አሏት።