ከጨርቁ ጀርባ ያለችው ኪስ

እንኳን አደረሳችሁ ወዳጆቼ! ዘንድሮ ያንን አበባና ሻማ ያለበትን፣ ከአንዱ ተቀብለን ለሌላው የምናሳልፈውን ምስል አልላክሁላችሁም። (አምና ለአንድ ሰው ሦስቴ ልኬ አፍሬአለሁ።) ይልቅ ሰሞኑን ከሐሳቤ አልወጣ ስላለኝ ጨርቅ ላጫውታችሁ።

ቺሊ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1973 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ብዙ ሰው ታፍሶ የገባበት ጠፋ። ባልና ልጅ የጠፋባቸው ሴቶች በቤተ ክርስቲያን ጥላ ሥር ተሰብስበው መስፋት ጀመሩ። ጆንያ ላይ ቁራጭ ጨርቅ እየጣፉ፣ አንዳንዴም የጠፋውን ሰው ልብስ ራሱን እየቆረጡ፣ ያዩትን ሁሉ ሰፉት፤ እስር ቤቱን፣ ሰፈሩ በጋራ የሚበላበትን ድስት፣ «የት ናቸው?» የሚለውን ጥያቄ። ከላይ ተራራና ፀሐይ። ከሩቅ ላየው የልጅ ሥዕል ይመስላል።

ጨርቆቹ በድብቅ ከአገር እየወጡ ይሸጡ ነበር፤ ገንዘቡም ለሴቶቹ ይመለሳል። እኔን የያዘኝ ግን ጀርባቸው ነው። አንዳንዱ ከኋላው ትንሽ ኪስ አለው፣ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ጨርቁን ከሰፋችው ሴት የተላከች ብጣሽ ወረቀት። አስቡት እስቲ፣ ለግድግዳ ብላችሁ የገዛችሁት ነገር ደብዳቤ ሆኖ ሲገኝ!

«ጥበብ ድንበር የለውም» ሲባል እኔ አይዋጥልኝም። ድንበርማ አለው፤ ፍተሻ አለ፣ ቪዛ አለ፣ ቀረጥ አለ። እነዚያ ጨርቆች ያለፉት ሻንጣው ውስጥ የሚሸሽግ፣ ወዲያ ማዶም የሚቀበልና የሚገዛ ሰው ስለተገኘ ነው። ወዳጅነቱ የተሰፋው እዚያ መቀባበሉ ላይ ይመስለኛል።

ፒካሶ በእርስ በርስ ጦርነቱ በቦምብ ስለጋየችው የስፔን ከተማ የሣለው «ጌርኒካ» እ.ኤ.አ. በ1939 መጀመሪያ ለንደን፣ ኋይትቻፕል የሥዕል ማሳያ ሲታይም የመግቢያው ዋጋ ጫማ ነበር፤ ወደ ስፔን ግንባር የሚላክ፣ ገና የሚያገለግል ቦት ጫማ። ሥዕሉ ሥር ጫማ ተደረደረ። ጫማው ጦርነቱን አላሸነፈም፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ጫማው የተላከለት የስፔን ሪፐብሊክ መንግሥት ወደቀ፤ ይህን ደብቄ ባወራችሁ ውሸት ይሆንብኛል። ግን አይተዋት የማያውቋት ከተማ በቦምብ ስለጋየች ጫማ ይዞ መምጣት፣ ላይክ ከማድረግ ትንሽ ይከብዳል መቼም።

እንግዲህ ይቺን ጽሑፍ እንደዚያች የኪስ ወረቀት ቁጠሩልኝ። እናንተ ያላችሁበት ማን ምን እየሰፋ፣ እየሣለ፣ እያዜመ ነው? ላኩልኝ። ሊንክ ብቻ ግን አይሆንም፤ ማን እንደሠራውና ምን እንደቸገረው ሁለት መስመር ጣል አድርጉበት።

መልካም በዓል!