የቢየላ ዳዶ አጠባበቅ፦ ሦስተኛ ሳምንቴ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ሞተሩን አውርጄ እንደበተንኩ ነግሬያችሁ ነበር። ፎር ኤ ኤፍ ኢ የሚባለው የቶዮታ ኮሮላ ሞተር ነው። ኮሎው (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ተሞርዶ መጥቷል፣ ብሮንዚናውም (በኮሎውና በቢየላው መሃል የሚገባው ስስ ቀለበት፣ ሁለት ግማሽ ነው) በልኩ ተገዝቷል። ይህ ሳምንት ያለቀው በስምንት ዳዶ ላይ ነው፦ አራት ቢየላ፣ በየቢየላው ሁለት። ቢየላ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ ነው፤ ዳዶዎቹ በቡለኖቹ ጥርስ ላይ ገብተው የቢየላውን የታች ክዳን ኮሎው ላይ ያስሩታል።

እስካሁን ሁሉንም ነገር የማጠብቀው በእጄ ስሜት ነበር። አዳማ ውስጥ፣ ወደ አሰላ መውጫ ባለው ጋራዣችን አብዛኞቻችን እንደዚያ ነው የምንሠራው። አምና ግን ሌላ ቦታ የታደሰ ሞተር ኳ ኳ እያለ ወደ እኛ መጣ። ኮፓውን (ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ) ስናወርድ የአንዱ ቢየላ ዳዶ ላልቶ፣ ብሮንዚናው ቤቱ ውስጥ ዞሮ፣ ኮሎውን በልቶታል። ባለመኪናው ሞተሩን ያሳደሰው ተበድሮ ነበር። ቆሞ የተበላውን ኮሎ ሲያይ ፊቱ ላይ የነበረው ነገር እስካሁን አልወጣልኝም።

አለቃዬን «ጋሼ፣ ቢየላውን የሚፈታው የነዳጁ ፍንዳታ ነው አይደል?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «አይደለም ልጄ» አሉኝ። ነዳጁ ሲቃጠል ፒስተኑ ወደ ታች ስለሚገፋ ቢየላው ይጨመቃል፤ ቡለኑ ያን ጊዜ ብዙም አይጎተትም። ክፉኛ የሚጎተተው ጭሱ ወጥቶ ሊያልቅ ሲል፣ ፒስተኑ ላይ ደርሶ በድንገት ቆሞ ሲመለስ ነው። የሞተሩ ዙር እጥፍ ሲሆን ያ ጉተታ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ቡለኑ አስቀድሞ እንደ ስፕሪንግ ተለጥጦ፣ ከዚያ ጉተታ በበለጠ ኃይል ክዳኑን ጨምቆ መያዝ አለበት። እኛ «ጠበቀ» የምንለው በእውነቱ የቡለኑን መለጠጥ ነው። ይህን ስሰማ ብዙ ነገር ተገለጠልኝ።

እጃችን የሚሰማው ግን መለጠጡን አይደለም። ቁልፉ ላይ ከምናሳርፈው ኃይል ወደ ዘጠና በመቶ የሚሆነውን ፍትጊያ ይበላዋል፤ ከፊሉ ከዳዶው ሥር፣ ከፊሉ ጥርሱ ላይ። ቡለኑን የሚለጥጠው የቀረው ብቻ ነው።

ይህን በዓይኔ ለማየት ከተጣለ ሞተር የወጣ ቢየላ ሞርሳ ላይ በጣውላ መሃል አሰርኩ። የቡለኑን ርዝመት ከጫፍ እስከ ጫፍ በማይክሮሜትር ለካሁ። ጥርሱን በቤንዚን አጥቤ አድርቄ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) 29 ኒውተን ሜትር ሳጠብቀው 0.06 ሚሊሜትር ያህል ረዘመ። ፈትቼ ጥርሱንና የዳዶውን መቀመጫ የሞተር ዘይት ቀባሁና በዚያው 29 ስደግመው 0.09 ሆነ። ሬንቹ ሁለቱንም ጊዜ «ቀጭ» ያለው እዚያው ቁጥር ላይ ነው። ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፣ ልዩነቱ አልጠፋም። ደረቅ ዳዶ በደንብ ሳይጠብቅ የጠበቀ ይመስላል ማለት ነው።

የዚህ ሞተር የአጠባበቅ ደንብም ከዚህ የመጣ ነው፦ በዘይት፣ መጀመሪያ 29 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ ተጨማሪ 90 ዲግሪ። የመጀመሪያው ክዳኑን ያስቀምጠዋል፤ ዲግሪው ደግሞ ፍትጊያው ቢለያይም ዳዶዎቹን በእኩል ያስኬዳቸዋል። የተዋስኩት ሬንች በአንድ በኩል ኒውተን ሜትር፣ በሌላው ፓውንድ ፉት አለው። 29ን በፓውንዱ በኩል ያነበበ ሰው 39 ኒውተን ሜትር ገደማ ይሰጠዋል፤ አደራ፣ ተጠንቀቁ።

ቅዳሜ ገጠምኩ። በየቡለኑ ጫፍ አጭር የቤንዚን ጎማ አለበስኩ፣ ፒስተኑ ሲወርድ ጥርሱ የተሞረደውን ኮሎ እንዳይጭረው። ክዳኖቹን ስበትን በቁጥር ምልክት አድርጌባቸው ነበር፤ ክዳንና ቢየላ አብረው ስለሚቀረጹ ቦታ አይለዋወጡም፣ አይገለበጡምም። የብሮንዚናው ፊት ዘይት፣ ጀርባው ግን ደረቅና ንጹሕ። ሁለቱን ዳዶ እያፈራረቅኩ ትንሽ በትንሽ 29 አደረስኩ። ከዚያ የየዳዶውን ፊት በነጭ ቀለም ነጥብ ምልክት አድርጌ፣ ነጥቡ ሩብ ዙር እስኪሄድ በረጅም ቁልፍ ሳብኩ። ያቺ ሩብ ዙር ከባድ ናት፤ ግን ቁልፉ ሳይንቀጠቀጥ በአንድ ስበት ስትሄድ ቡለኑ ሲለጠጥ የሚሰማ ይመስላል።

አንዱን ቢየላ በጨረስኩ ቁጥር ኮሎውን በእጄ አዞርኩ። አንደኛው ለስላሳ። ሁለተኛው ለስላሳ። ሦስተኛው ላይ ያዝ አደረገኝ። አለቃዬ «ፍታው» አሉኝ፣ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ስፈታው ከክዳኑ ብሮንዚና ጀርባ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ተቀምጣለች። ከሰዓት የአዳማ ነፋስ ተነስቶ ነበር፣ በሩም ክፍት ነበር። ብሮንዚናው ላይ እንደ መርፌ ጫፍ ያለ ብሩህ ነጥብ ወጥቶበታል። ሁለቱንም ግማሽ ቀይሬ፣ ቤቱን በንጹሕ ጨርቅ ጠርጌ፣ በሩን ዘግቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ፦ ዘይት፣ 29፣ ምልክት፣ 90። አሁን አራቱም ገብተው ኮሎው በእጅ ያለ ጭንቅ ይዞራል። እስከ ሰኞ ብሎኩን በንጹሕ አንሶላ ሸፍኜዋለሁ፤ ቀጥሎ የዘይት ፓምፑ ነው።