ሁለት ጊዜ የተጠረገችው እባጭ

በአንድ የዓይን ሕክምና ክፍል የደረሰ ነው። ስልሳዎቹን ያጋመሱ እናት የግራ ዓይናቸው የታችኛው ቆብ ላይ ሽምብራ የምታህል እባጭ ወጥታባቸው መጡ። አታምም፤ ከጀመረች ግን ዓመት አልፏታል። ካላዚዮን (የቆቡ ቅባት ዕጢ ሲደፈን የሚወጣ እባጭ) ተባለችና ተሰንጥቃ ተጠረገች። ተመልሳ ስታብጥም እንደዚያው ተደረገ። ሁለቱንም ጊዜ የወጣው ነገር በጎዝ ተጠርጎ ተጣለ።

ጥፋቱ የተሠራው እዚያ ላይ ነው። ከካላዚዮን የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ቢጫማ፣ ወፈር ያለ ቅባት መሰል ነገር ነው። ከእኚህ እናት የወጣው ግን እንደ ተልባ ውሃ የሚዝለገለግና ብርሃን የሚያሳልፍ ነበር። እባጯ ላይ የነበረው ሽፋሽፍትም ሳስቷል፤ ካርዱ ላይ የጻፈው ሰው የለም።

ሦስተኛው ጊዜ ላይ ከሥሯ ጭምር ናሙና ተወስዶ፣ መጠኑን 10 እጥፍ በሚሆን 10 በመቶ ፎርማሊን (ናሙናው እንዳይበላሽ የሚያቆይ ፈሳሽ) ተልኮ ተመረመረ። ስላይዱ ላይ የሙሲን (ንፍጥ መሰል ዝልግልግ ነገር) ኩሬ፣ በኩሬው ውስጥ የሚንሳፈፉ የካንሰር ሕዋሳት ስብስቦች ታዩ፤ ሙሲነስ ካርሲኖማ፣ ማለትም ሙሲን የሚያመነጭ ካንሰር ነው። በጡት ካንሰር ብዙ ጊዜ ፖዘቲቭ የሚሆነው የኢስትሮጅን ተቀባይ ምርመራም ፖዘቲቭ ሆነ። መጠየቂያው ወረቀት ላይ «ካላዚዮን» ከሚለው ቃል በቀር ምንም ስላልነበረ፣ የመጀመሪያው ግምት ከጡት የተዛመተ ነው የሚል ሆነ። ለቤተሰቡ ምን ያህል አስደንጋጭ እንደሆነ መገመት አያቅትም።

ይህ ካንሰር ግን ከቆቡ የላብ ዕጢም ሊነሣ ይችላል፤ ጡት ከላብ ዕጢ ጋር ዝምድና ስላለው የኢስትሮጅን ተቀባይ ምርመራው ሁለቱን አይለይም። የለየው ፒ63 የተባለው የሕዋስ ምልክት ምርመራ ነው። ናሙናው የተቀበረበት የሰም ብሎክ ወደ ውስጥ በየደረጃው እንደገና ሲቆረጥ፣ በአንዱ ጠርዝ የካንሰሩን ሕዋሳት የከበቡ የማዮኤፒቴሊያል ሕዋሳት (ዕጢን ከውጭ የሚከብቡ፣ በፒ63 የሚታዩ ሕዋሳት) ቀለበት ተገኘ። ቀለበቱ በጥቂት ቦታ እንኳ ከታየ ካንሰሩ እዚያው ቆብ ላይ እንደተነሣ ጠንካራ ማስረጃ ነው። አለመታየቱ ግን መዛመቱን አያረጋግጥም፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው ይህ ነው። በትልቁ አንጀት ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚገኘው ሲኬ20 የተባለ ምልክት ኔጋቲቭ መሆኑም ከዚያ የተዛመተ ነው የሚለውን ጥርጣሬ አቀለለው። ያም ሆኖ የጡት ማሞግራፊና ሲቲ ስካን ሳይነሡ አይታለፍም፤ ተነሡ፣ ንጹሕ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ጠርዙ በማይክሮስኮፕ እየታየ ተቆርጦ ወጣ። ይህ ካንሰር እምብዛም አይዛመትም፤ ጠርዙ ካልጸዳ ግን እዚያው ደጋግሞ ይመለሳል። በየቀጠሮው ከጆሮ ፊትና ከመንጋጋ ሥር ንፍፊት መኖሩ በጣት ይዳሰሳል።

አሁን በዚያ ክፍል ከተመለሰ እባጭ የወጣ ሁሉ ወደ ፎርማሊን ይገባል። ወረቀቱ ላይም ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ፣ የሽፋሽፍቱ ሁኔታ፣ የወጣው ነገር መልክና ቀድሞ የነበረ ካንሰር ካለ ይጻፋል።