ከመቀነት የወጣው ወረቀት

ዛሬ ረፋዱ ላይ አዘዞ፣ አንድ ግንባታ ቦታ መጠይቅ ሳስሞላ ነበር። ድንጋይ በባሬላ ሲያመላልሱ የዋሉ እናት ለአፍታ አረፍ ሲሉ ጠጋ ብዬ «እትዬ፣ ባለፈው ወር ስንት ቀን ሠሩ?» አልኳቸው። መልስ ሳይሰጡኝ እጃቸውን ወደ መቀነታቸው ሰደዱ።

ከደብተር የተቀደደ፣ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት። በሠሩበት ቀን ሁሉ፣ ማታ ማታ ልጃቸው በእርሳስ አንድ መስመር ታሰምርላቸዋለች። ላብ የነካው ማጠፊያ ሳስቶ ሊበጠስ ደርሷል። 23 መስመር ቆጠርኩ። «የካቦው መዝገብ 21 ነው የሚለው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። የተከፈላቸውም የ21 ቀን ነው።

መጠይቄ ላይ «የቀን ገቢ» የሚል እንጂ «ሠርተው ያልተከፈለዎት ቀን» የሚል ጥያቄ የለም። ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ በጥናት ላይ ተመሥርቶ ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው እንዲያሻሽል ይላል። በሳምንት ዕረፍቱ ቀን የሠራም እጥፍ እንዲከፈለው ያዝዛል። ግን ሠሩበት የተባለውን ቀን የሚቆጥረው ማን ነው? ለክልሉም ሆነ ለቦርዱ የሚቀርብ ጥናት ይህችን ብጣሽ ወረቀት ካላየ፣ ዝቅተኛው ደመወዝ ቢወሰንም እኚህ እናት ዘንድ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይጎድላል። ይህ ነገር ቀኑን ሙሉ አንገብግቦኛል።

ልነሣ ስል «ልጄ፣ ይህ ሊቀደድብኝ ነው፤ በእስክሪብቶ ገልብጭልኝ» አሉኝ። ከደብተሬ አንድ ገጽ ቀድጄ 23ቱንም አሰመርኩ። እሳቸው እያንዳንዷን በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩ።