በዝምታ የወደቅሁበት ፈተና

ሜሪላንድ ውስጥ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ለመሆን ያመለከትሁት ቱቦ ተሸክሜ መሰላል ልወጣ ነበር። አብዛኛው ጥሪ የእሳት ሳይሆን የሕክምና እንደሆነ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው የለም። የደረት ሕመም፣ የመኪና ግጭት፣ ከደረጃ የወደቁ አዛውንት፤ ቀዩ መኪና ጡሩንባውን እየነፋ የሚወጣው በብዛት ለእነዚህ ነው። ስለዚህ ኢኤምቲ የሚባለውን የድንገተኛ ሕክምና ፈቃድ ማውጣት ግድ ሆነብኝ።

ምዝገባው፣ ክትባቱና ከወንጀል ነጻ የመሆን ማስረጃው በቶሎ አለቀ። ልቡ ለቆመ ሰው የሚደረገው የደረት መጫን ትምህርቱም አላስቸገረኝም፦ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ፣ 30 ተጭኖ 2 ትንፋሽ። የኮምፒውተሩን ፈተና በመጀመሪያው ሙከራ አለፍሁ።

የወደቅሁት በተግባር ፈተናው ነው፤ ያውም አውቀዋለሁ ብዬ በምመካበት በአደጋ ጉዳተኛ ምርመራ። የሚሰጠው 10 ደቂቃ ነው። መሬት ላይ የተኛው ጎልማሳ ሱሪው በቀይ ቀለም ርሷል። ጓንቴን አጠለቅሁ፣ ዙሪያውን ቃኘሁ፣ ተንበረከክሁ። የሚፈስ ደም ከሁሉ ይቀድማልና ቱርኒኬቱን፣ ማለትም ደም ማቆሚያውን ማሰሪያ፣ ከቁስሉ ከፍ አድርጌ ጭኑ ላይ አጠበቅሁ፤ ሰዓቱን ጻፍሁ። የመተንፈሻ ቧንቧውን፣ ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን አየሁ። ገልብጬው ጀርባው ላይ የተደበቀውን ቁስል አገኘሁ፤ ከእኔ በፊት የገቡት ሁለቱ ቁስሉን ሳያዩት እንደቀሩ ኋላ ሰምቻለሁ። በሰባተኛው ደቂቃ ወደ አምቡላንስ ይግባ አልሁ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ወረቀቱ መጣ፦ ወድቋል። ምክንያቱ አንዲት ምልክት ናት፤ ወደ ጉዳተኛው ከመቅረቤ በፊት የቦታውን ደህንነት አላረጋገጥሁም።

«ዙሪያውን አይቻለሁ እኮ» አልሁት ፈታኙን።

«ስታይ አላየሁህም፤ ስትናገርም አልሰማሁህም» አለና ቀጣዩን ስም ጠራ።

እንዴት ያየኛል? ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም! እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ግን «የምትሠሩትን ሁሉ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ» ተብለን ነበር። እኔ ያደግሁት አናጢው አባቴ «እጅህ ይሥራ፣ አፍህ ይረፍ» በሚልበት ቤት ነው። ደግሞም አነጋገሬን ሰምተው ፈገግ በሚሉ ሰዎች ፊት በእንግሊዝኛ መጮህ ያሳፍረኝ ነበር። እውነቱ ይኸው ነው።

አሠልጣኞቹ ከመጀመሪያው በእንግሊዝኛ ብቻ አጥኑ ይላሉ። አትስሟቸው። እኔ ባለቤቴን ወጥ ቤት ወለል ላይ አስተኝቼ፣ ቅደም ተከተሉን በአማርኛ ድምፄን ከፍ አድርጌ ደጋግሜ ካልሁት በኋላ እንግሊዝኛው ራሱ መጣ። ቱርኒኬቱንም ለጥቂት ሰከንድ በራሳችሁ እግር ላይ አጥብቃችሁ እዩት። ክፍል ውስጥ ጓደኛችንን እንዳያመው እያላላን ነበር የምንለማመደው። በትክክል የታሰረ ቱርኒኬት ግን ክፉኛ ያማል፤ ይህን ያልቀመሰ ሰው ጉዳተኛው ሲጮህ ደንግጦ ያላላዋል።

በድጋሚው ፈተና ያው ፈታኝ ጠበቀኝ። ገና በሩ ላይ ሆኜ «ጓንት አድርጌያለሁ! ቦታው ደህና ነው ወይ?» ብዬ ስጮህ፣ ራሱን ስቶ የተኛው «ጉዳተኛ» ደንግጦ ተነሥቶ ተቀመጠ።