«ወርቅም ይጠቁራል እንዴ?»

በኪነ ጥበብና በአልባሳት ውስጥ ስላለው የወርቅ ሥራ በተዘጋጀው ዐውደ ርዕይ ላይ በአስጎብኚነት ስሠራ ከጎብኚዎች ደጋግሞ የሚቀርብልኝ ጥያቄ «ይህ ሁሉ ንጹሕ ወርቅ ነው?» የሚል ነበር። ብዙ ሰው ወርቅ ሲባል ቶሎ የሚታወሰው የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንክሃሙን ዐሥር ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ጭምብል ስለሆነ፣ በልብስ ላይ የሚያብረቀርቀውንም እንደዚያው አድርጎ ቢገምት አይፈረድበትም።

አንድ ረፋድ ግን ጥያቄው በሌላ በኩል መጣ። አንዲት አዛውንት በወርቅ ክር የተጠለፈ ካባ ካለበት የመስታወት ሣጥን ፊት ብዙ ቆይተው ጠሩኝና «ልጄ፣ ወርቅም ይጠቁራል እንዴ?» አሉኝ። ወዳመለከቱኝ ቦታ ጎንበስ ብዬ ስመለከት፣ የካባው ጫፍ መደቡን ከሸፈነው ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ጋር በሚነካካበት በኩል፣ ጥልፉ ላይ ቡናማ ሆኖ ወደ ጥቁር ያዘነበለ ጠባብ መስመር ወጥቷል። አጠገቤ የነበረው ባልደረባዬ «ዕድሜ ነው እማማ፤ ሲያረጅ እንዲህ ይሆናል» ብሎ ሊያልፈው ሞከረ። እሳቸው ግን በቀጣዩ ሣጥን ያለውንና ከካባው በብዙ መቶ ዓመታት የሚበልጠውን የጆሮ ጉትቻ እያሳዩ «ታዲያ ያኛው ምነው አላረጀ?» ሲሉ መለሱለት። ባልደረባዬ ዝም አለ፤ እኔም ወደ ቅርስ ጥበቃ ክፍል ደወልኩ።

ሙዚየሙ ከተዘጋ በኋላ ባለሙያዋ ሣጥኑን ከፍታ ክሩን በአጉሊ መነጽር አሳየችን። ለዓይን አንድ ወጥ ወርቅ የሚመስለው ክር፣ ለካ በቢጫ ሐር ላይ እንደ ጠመዝማዛ የተጠቀለለ ስስ የብር ጥብጣብ ኖሯል፤ ሐሩም ቢጫ እንዲሆን የተመረጠው በጥቅልሉ መካከል ክፍተት ቢፈጠር እንኳ ብልጭታው እንዳይቋረጥ ነው። ወርቁ በብሩ ላይ ያለ ልባስ ብቻ ነው። አንድ ግራም ወርቅ ተቀጥቅጦ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ሊሸፍን እንደሚችል ለሚያውቅ የእጅ ባለሙያ፣ ውድ የሆነውን ነገር እዚያው ዓይን በሚያርፍበት ገጽ ላይ ማዋል ብልሃት እንጂ ማጭበርበር አይደለም። ክሩም ጨርቁን እየበሳ ቢያልፍ ስለሚጎዳና የማይታየው ጀርባ ላይ ስለሚባክን፣ ከላይ ተጋድሞ በቀጭን የሐር ስፌት ይያዛል።

ንጹሕ ወርቅ በተራ አየር ውስጥ አይዝግም፤ ብር ግን የድኝ ጋዝ ሲያገኘው ይጠቁራል፤ ጥቁረቱም በልባሱ ጥቃቅን ቀዳዳዎችና በተፋቀበት በኩል እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል። ድኙ ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ ወደ መደቡ ጨርቅ መራን። አስቀድሞ ተመርምሮ የተፈቀደው ጥጥ ነበር፤ ጥጡ ሲያልቅ አቅራቢው ቀለሙ ፍጹም የሚመሳሰል፣ ነገር ግን ሱፍ የተቀላቀለበት ጨርቅ አምጥቶ ኖሯል። ሱፍ በተፈጥሮው ድኝ አለው። አቧራ እንዳይገባ ተብሎ በጥንቃቄ የታሸገው ሣጥን ደግሞ ጋዙን ይዞ አስቀረው፤ ከሁሉም የገረመኝ ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው ጨርቅ የሚፈተንበት መንገድ በብሪቲሽ ሙዚየም ይሠራ የነበረው አንድሪው ኦዲ እ.ኤ.አ. በ1973 ያስተዋወቀው ሲሆን፣ የጨርቁ ቁራጭ ከብር፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቅጠሎች ጋር በተዘጋ ብልቃጥ ውስጥ በ60 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በእርጥበት ለ28 ቀናት ይቀመጣል። ጊዜው ሲያበቃ ብሩ ከጠቆረ ጨርቁ ከብር ጋር አንድ ሣጥን ውስጥ አይገባም። ባለሙያዋ የተረፈውን ቁራጭ ስትፈትነው ብሩ ጠቁሮ ወጣ። እውነት ለመናገር፣ መክፈቻው ሳምንት ብቻ ሲቀረው 28 ቀን ጠብቁ የሚል ሰው በየትኛውም መሥሪያ ቤት አይወደድም።

ዳይሬክተሩ «ታዲያ መስመሩን ለምን አናጸዳውም?» ብለው ነበር። ባለሙያዋ ግን አልተስማማችም፤ ብሩ ቢወለወል ያ ስስ ወርቅ አብሮ ይፋቃል፤ በፈሳሽ ቢጸዳ ደግሞ ፈሳሹን ሐሩ ጠጥቶ ያስቀረዋል። ስለዚህ የሱፉ ጨርቅ ወጥቶ ቀለም ያልነካው፣ የታጠበና የተፈተነ ጥጥ ተነጠፈ፤ ከመደቡም ሥር ጋዝ የሚመጥ ከሰል ተቀመጠ። የግዢ ክፍሉም ለሣጥን የሚሆን ማንኛውም ጨርቅ፣ ሙጫና ቀለም ለፈተና በሚበቃ ጊዜ ቀድሞ እንዲቀርብ በውሉ ላይ አሰፈረ።

ጥቁሩ መስመር ባለበት ቀረ። የመግለጫ ጽሑፉም «የወርቅ ካባ» የሚለው ቀርቶ «ሐር፣ ወርቅ የተለበጠ የብር ክር» ተብሎ ተጻፈ፤ የመጥቆሩም ምክንያት በሁለት ዐረፍተ ነገር ተጨመረበት። ዳይሬክተሩ ይህ የጎብኚውን ስሜት ያቀዘቅዛል ብለው ሰግተው ነበር፤ ጎብኚው ግን ከዚያ ወዲህ መስመሩን ሲፈልግ ከሣጥኑ ፊት ከበፊቱ ይበልጥ ይቆያል።